የቁም ሳጥኗ ሐሙሶች

መኪናዬን የማታውቋት ከሆነ ቁም ሳጥን አስቡ። ጎማ ግጠሙለት፣ መስኮት ክፈቱለት፣ ሰናፍጭ ቀለም ቀቡት፤ አለቀ። ከፊት አፍንጫ የላትም፣ ከኋላ በቢላዋ የተቆረጠች ትመስላለች። ደሴ ፒያሳ ላይ ሳልፍ የባጃጅ ሾፌሮች «በሺር፣ ዛሬ ልብሱን የት ጥለኸው መጣህ?» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ቀለም ነጋዴ ነኝ፤ ሰው የተጸየፈውን ግድግዳ ስንቴ አሳምሬ አይቻለሁ፣ በባጃጅ ሾፌር ቀልድ የምቀየም ሰው አይደለሁም። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። መኪናዋን ሳጥባት ያዩኝ ጎረቤቶች ያላገባሁበትን ምክንያት ያገኙት ይመስላቸዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ እንደሷ ያሉት አራት ብቻ ናቸው። አንዷ የእኔ ናት፤ አንዷ የሙዓዝ፣ የፊዚክስ አስተማሪው፤ አንዷ የእንድርያስ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው፤ አራተኛዋ የጽናት፣ ከኮምቦልቻ እንቁላል እየጫነች ለደሴ ሆቴሎች የምታከፋፍለው። አራታችን ማኅበር አለን፣ ስሙንም ቅሬ ብለነዋል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው፤ ሰው ሲሞትባችሁ የሚደርስላችሁ ማለት ነው። የእኛ ቅሬ ግን ለመኪና ነው። የአንዱ መኪና መንገድ ላይ ከቆመች ሦስቱ ሥራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ ፒያሳ ካፌ ደጅ አራቱን አሰልፈን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ስለ ፍሬን ሸራ እናወራለን። አጠገባችን የሚቀመጥ ሰው ቶሎ ነው ሒሳብ ከፍሎ የሚነሣው።

ለእናቴ ግን መኪናዋ ጨዋታ አልነበረችም። እማ ፈትሂያ የዛሬ ሦስት ዓመት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤታችን ደጅ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ ቆማ ሄደች፤ ነገር ግን መታጠፍ እንቢ አላት። ባጃጅ ዝቅ ይልባታል፣ የሚኒባስ ደረጃ ከፍ ይልባታል፣ ሌላ መኪና ውስጥ ለመግባት ጎንበስ ማለት አለ፣ እሱን አትችልም። የቁም ሳጥኗ በር እንደ ቤት በር ነው፤ መቀመጫዋም ከእማ ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ትላለች፣ እግሯን አነሣላታለሁ፣ በቃ። «ይችን የሠራ ሰው እናት አለችው» ትል ነበር።

የምትሄደውም አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ እህቷ ዘንድ። አክስቴ ሸሪፋ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ጆሮዋም ደክሞ ስልክ አይሰማትም። እማ ስትደውል የምታነሣው የአክስቴ ልጅ ረውዳ ናት፤ «ደህና ናት?» «ደህና ናት» ተባብለው ይዘጋል። እህትማማቾቹ መነጋገር ካማራቸው እማ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ አፏን ከአክስቴ ጆሮ ማስጠጋት አለባት። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሱቄን ዘግቼ እወስዳታለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀን ይሄዳል፣ እማ መጀመሪያ ጋቢዋን፣ ቀጥላ ሹራቧን ታወልቃለች። እዚያ ስንደርስ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። እኔ ደጅ ሆኜ ጎማ እያየሁ ሳቃቸውን ብቻ ነው የምሰማው። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ሳንሄድ ያለፈን ሐሙስ ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ሙዓዝ ካፌው ደጅ ሲደርስ ከመኪናው አልወረደም። መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ሄጄ መስኮቱን ስመታ ስልኩን ዘረጋልኝ። ዜና ነው፤ ፋብሪካው የእኛን ዓይነት መኪና መሥራት አቁሟል። ገዢ አጣች፤ ሰው ሁሉ ደረቱን የነፋ ትልቅ መኪና ነው የሚፈልገው። ከታች ደግሞ «ልዩ ነበረች» የሚል ነገር ጽፈዋል። ሰው በቁሙ ሳለ ሲያሾፉበት ኖረው ሲሞት እንደሚባለው ዓይነት ነገር ነው። በጣም ተናደድኩ። ሙዓዝ አስተማሪ ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። በሌላ ቀን ቢሆን ዓመቱን ሙሉ የምስቅበት ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን ስልኩን መልሼለት በሩን ከፈትኩለት።

አራታችን ተቀመጥን። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። እንድርያስ እንደ ሐኪም ነው የሚናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ እጁን እያየ። «እንግዲህ ያለው መለዋወጫ እስኪያልቅ ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ አንዷን አርዶ ሌላዋን ማዳን ነው። እነዚህን መኪኖች የሚጨርሳቸው ሐረጎ ነው፤ ቁልቁለቱ ፍሬናቸውን፣ ዳገቱ ፍሪሲዮናቸውን። ደሴ ውስጥ ብቻ ከነዳችኋቸው አሥር ዓመት ይሄዳሉ። ሐረጎን ከተመላለሱበት ሦስት ዓመትም እንጃ።»

«ታዲያ ዛሬ እንቁላሌን ጭና አልመጣችም?» አለች ጽናት። «ነገም ትመጣለች። ስትሞት ትሞታለች፤ እኔ ቆማ እንድታምርልኝ አይደለም የገዛኋት።»

እኔ ይህን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ሐረጎን አላስረግጣትም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ማልልን ያለኝ የለም። ጽናት ብቻ «እናትህንስ?» አለችኝ። «አላህ መላ አያጣም» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ሙዓዝ ትከሻዬን ጨበጠኝ፣ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ለእማ እውነቱን አልነገርኳትም። ሐሙስ ሲደርስ ለባብሳ፣ ለእህቷ የምትወስደውን ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ስትጠብቀኝ «እማ፣ ፍሬኗ አሟታል፣ መለዋወጫ እስኪመጣ ነው» አልኳት። «ምነው፣ ኸይር?» አለች። «ኸይር ነው፣ አብሽሪ» አልኳት። ቆሎውን ፈታ መልሳ ዕቃው ውስጥ ጨመረችው። ሸራ ገዝቼ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ሸፈንኳት። ባትሪዋ እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገለጥ አድርጌ አስነሣትና አሥር ደቂቃ ቆሜ ድምፅዋን እሰማለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እማ ከመስኮት «ድምፅዋ ደህና ነው እኮ» አለችኝ። «ድምፅዋ አይደለም እማ፣ ፍሬኗ ነው» አልኳት። «እህ» ብላ መስኮቱን ዘጋች።

በአምስተኛው ሐሙስ ጽናት ሱቄ መጣች። «እንቁላሉን አራግፌ ባዶዬን ነው የምመለሰው፤ እትዬ ፈትሂያን እኔ ልውሰዳቸው፣ ነገ ጠዋት መልሼ አመጣቸዋለሁ» አለች። መኪናው ያው ነው፤ ያው በር፣ ያው መቀመጫ። እንቢ አልኩ። ለምን? ጽናት መሐላዬን በጆሮዋ ሰምታለች፤ መንገድ ላይ ከእማ ጋር ካወሩ የእኔ ውሸት ይጋለጣላ። «እማ ሰው ማስቸገር አትወድም» አልኳት። ጽናት አየችኝ፣ አየችኝና ሄደች። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ነጭ ቀለም ሲጠይቀኝ ክሬም ሰጥቼ ሰድጄዋለሁ።

ደግሞ መሐላውን እንደ ትልቅ ነገር ይዤዋለሁ። እህል አልበላ እያለኝ ሳስብ «ወላሂ ብያለሁ» እላለሁ ለራሴ። ወላሂ ብሎ የማለ ሰው ቢያፈርስ መውጫ አለው፤ አሥር ምስኪን ያበላል፣ ካልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ልጅ ሆኜ መድረሳ የተማርኩት ነው፣ አልጠፋኝም። በእናቴና በእህቷ መካከል የቆመው የአሥር ምስኪን ምሳ ነበር። ግን መሐላው ሰበብ ሆኖልኝ ነበርና ለምን ላፍርሰው?

ዘጠኝ ሐሙስ አለፈ። በአሥረኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሱብሒ ሰግጄ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ረውዳ ናት። አክስቴ ሸሪፋ ሞታለች። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው አለችኝ። ለእማ እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። እሷ ግን «ኢና ሊላህ» ብላ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ስለ መኪናው አንድም ነገር ሳትጠይቅ ወደ ደጅ ወጣች። ሸራውን ቀደድኩት። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ እግሯን አነሣሁላት። ሐረጎን በሃያ አምስት ደቂቃ ወረድኩት። ፍሬኗ ምንም አልሆነም።

ቤቱ ውስጥ ሴቶች ሞልተዋል። አክስቴን አጥበው ከፍነዋታል፣ ፊቷ ብቻ ገና አልተሸፈነም። መንገድ ለቀቁልን። እማ እንደ ሐሙሱ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች፣ አፏን ከእህቷ ጆሮ አስጠጋች፣ ብዙ ነገር አወራቻት። ሴቶቹ ሊከለክሏት ፈልገው ተዉአት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ እኮ ማን ያየኛል፣ ማንም አያውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ረውዳ ውሃ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። «ሐሙስ ሐሙስ ልብሷን ቀይሩልኝ ትል ነበር» አለችኝ። «ሲመሽ ‹አልመጡም?› ትላለች። ‹መኪናዋ ታማለች› ብዬ በጆሮዋ እጮህላታለሁ። ‹አላህ ያሽራት› ብላ ዱዓ ታደርግላት ነበር። ለመኪና ዱዓ ሲደረግ እሷን ነው ያየሁት።» ረውዳ ፈገግ አለች፤ ልታጽናናኝ ነው። ውሃውን ሳልጠጣ መለስኩላት።

እማ ሦስት ቀን እህቷ ቤት ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ልመልሳት ሄድኩ። ከኮምቦልቻ ወጣን። ዳገቱን ስንጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ቁም ሳጥኗ እያጉረመረመች መውጣት ጀመረች። እማ ሹራቧን ለበሰች፣ ጋቢዋን ደረበች።

«በሺር» አለችኝ።

«አቤት እማ።»

«ፍሬኗ አልታመመም ነበር፣ አይደል?»

«አልታመመም ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጋራዥ አልወሰድካት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? እኔን ማንሣት፣ እኔን ማስቀመጥ፣ ሥራህን ዘግተህ አሮጊት ይዘህ መዞር ሰልችቶህ ነው አልኩ። ሰው ነህ፣ ይሰለችሃል። አልፈረድኩብህም። ሸሪፋ እንዳትቀየምህ ብዬ ነው ረውዳን መኪናዋ ታማለች በያት ያልኳት።»

ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ይህን ስትል ቀለል አለኝ። በዚህስ ንጹሕ ነኝ አልኩ በልቤ። ዘጠኝ ሐሙስ ሙሉ እናቴ በእኔ ላይ የተሸከመችውን ቅሬታ በአንድ ቃል የማነሣላት መሰለኝ። መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«እማ፣ ወላሂ አንቺ ሰልችተሽኝ አታውቂም። አንድ ቀንም። ፋብሪካው እሷን መሥራት አቁሟል፣ ሐረጎ ይጨርሳታል ብለውኝ ነው። እንዳታልቅብኝ ብዬ ላቆያት ነው እንጂ፣ በአንቺስ አይደለም።»

እማ ዳሽቦርዱን አየችው፣ የበሩን እጀታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ለመኪናዋ ነው?»

«ለመኪናዋ ነው።»

ከባድ መኪና ካጠገባችን እያቃሰተ አለፈ። እማ ጭሱ እስኪበተን ጋቢዋን አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

«ሰልችቼህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።