በላስቲክ የታሰረው ማብሪያ

ባሌ ኦጎላ መጋዙን ከእኔ አስበልጦ ይወዳል ብል ማጋነን አይሆንም። ጡረታ እንደወጣ ኪሱሙ ከተማ ሄዶ የገዛት፣ ክብ ስለት ያላት የኤሌክትሪክ መጋዝ ናት። ሲመሽ በአሮጌ ቀሚሴ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ያስተኛታል። ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚያስገባው እሷን ነው፤ የተሰጣው ዓሣ የእኔ ጉዳይ ነው።

ችግሩ የመጣው ጠረጴዛ ሥር ገልብጦ ያሰራት ቀን ነው። ስለቷ በጠረጴዛው ክፍተት ወደ ላይ ወጣ፤ ማብሪያዋ ግን እጅ በማይደርስበት ቀረ። ስለዚህ ማብሪያውን ተጭኖ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በቆረጠው ላስቲክ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ ወዲህ መጋዟ የምትነሳው ስፒናው ሲሰካ፣ የምታርፈው ሲነቀል ብቻ ሆነ። በመንደራችን መጋዝ ያለው ሁሉ እንዲህ ያስራል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በቀዶ ጥገና ክፍል ነርስነት ነው። እንዲህ የታሰረ ማብሪያ ቤታችን እስኪገባ አይቼ አላውቅም፤ የተቆረጡ ጣቶች ግን በጨርቅ ተጠቅልለው ሲመጡ ተቀብያለሁ።

«እጅህ ስለቱ ላይ እያለ የሄደው መብራት ቢመለስስ?» እለዋለሁ።

«የእኛ መብራት? አንዴ ከሄደ እንደ ወንድምሽ ነው፤ ካልራበው አይመለስም።»

ቅዳሜ የልጃችን የአፖንዲ እጮኛ ቤተሰቦች የጥሎሽ ከብት እየነዱ ሊመጡ ቀጠሮ ነበረን። ኦጎላ አማቶቼን በኪራይ የፕላስቲክ ወንበር አላስቀምጥም ብሎ ሦስት አግዳሚዎች መሥራት ጀመረ። ሐሙስ ከሰዓት አንዱ ብቻ አልቆ ነበር። እኔ ማራዘሚያ ገመዱን ከመጠቅለያው ላይ እየፈታሁ ነው፤ እንደተጠቀለለ ከሠሩበት እንደ ትኩሳተኛ ልጅ ግንባር ይግላል። ኦጎላ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየገፋ ነው። ድንገት የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ጣውላው ስለቱን ነከሰው፤ ወዲያው ሁሉም ጸጥ አለ። የጎረቤታችን ሬዲዮም የቀብር ማስታወቂያውን ሳይጨርስ ዝም አለ። መብራት ሄዷል።

ኦጎላ ጣውላውን በአንድ እጁ ይዞ ይነቀንቅ ጀመር። ሌላው እጁ ወደ ስለቱ ተዘረጋ።

«ኦጎላ! መጀመሪያ ስፒናውን ንቀል!»

«መብራት የለም እኮ፣ የአፖንዲ እናት። ጆሮሽም እንደ ዓይንሽ ደከመ?»

«ጣትህን...»

«ጣትህ፣ ጣትህ! አሥር አሉኝ፤ አንዱን ለአንቺ እሰጥሻለሁ።»

ሶኬቱ ከእሱ ወዲያ ነው፤ ሮጬ ልደርስበት አልችልም፤ ጉልበቴ አይታዘዘኝም። ስለ ጣቱ ስነግረው ደግሞ ወራት አልፈዋል፣ ሰምቶኝ አያውቅም። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«እሺ፣ ጣቱ ያንተ ነው። ግን እንዲህ እንደተነከሰች መብራት ቢመጣ መዞር አቅቷት ታቃስታለች። ውስጧ ያለው መዳብ ይግላል፤ ሞተሯ እዚያው ይቃጠላል።»

እጁ በአየር ላይ ቆመ።

«ትቃጠላለች?»

«ጭሱን እያየህ።»

የጥጃውን ጩኸት እንደሰማ ሰው ወደ ሶኬቱ ሮጠና ስፒናውን መንጭቆ ነቀለው። ገና ከእጁ ሳያስቀምጠው የጎረቤታችን ሬዲዮ፣ «...ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና አማቶቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል» አለ።

ኦጎላ ስፒናውን አየ። ከዚያ እጁ የነበረበትን ቦታ አየ። ባለቀው አግዳሚ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የአፖንዲ እናት» አለኝ፣ «እውነት የፈራሽው ለሞተሩ ነው?»

«ለማን ልፈራ ኖሯል? አንተማ እንዲህ በላብ ርሰህ ማን ያቃጥልሃል!»

እስኪያስለው ሳቀ። እኔም አሥሩንም ጣቶቹን በመዳፎቼ መካከል ያዝኩ።

ላስቲኩን ራሱ በቢላ ቆረጠው። መጋዟን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ቀና አደረጋት። የሞተሯ መተንፈሻ በእንጨት ብናኝ ተደፍኖ ስለነበር፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥቼለት ቀዳዳ በቀዳዳ ጠረገው። ከዚያ በኋላ ማብሪያውን በራሱ ጣት እየጫነ፣ ገመዱን ከስለቱ አርቆ በትከሻው ላይ እየጣለ መቁረጥ ጀመረ። ስለቱ ዳግም እንዳይነከስ የጣውላውን ሁለት ጎን በድጋፍ አስቀመጥን፤ የቆረጠው መስመር ላይም ሽብልቅ እየከተትኩ ተከተልኩት። ጣቱን ሲያነሳ መጋዟ ትቆማለች። ሥራው ዘገየ፤ ቁርጡም እንደ ቀድሞው ቀጥ አላለም። ይህን ቢያንስ በየጣውላው አንድ ጊዜ ነግሮኛል።

ቅዳሜ አማቶቻችን መጡ። ሁለት አግዳሚዎች አልቀዋል፣ ሦስተኛው እግር የለውም። ወጣቶቹ በኪራይ ወንበር ተቀመጡ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አለ ኦጎላ ለእንግዶቹ፣ «ያዘገየችን ያቺ ናት!» ዓሣውን ይዤ ስገባ፣ በሰው ፊት በጣት መጠቆም ነውር መሆኑን ረስቶ በዚያው ጣቱ ጠቆመኝ።