«እኛ» የሚለው ሐኪም

ልብስ ሰፊዋ እናት ወደ አእምሮ ሐኪሙ ክፍል የገባችው ልጇ ከኋላ እየገፋቻት ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ልጇን ትቀሰቅሳለች፤ ቀስቅሳም «ተኝተሻል?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጅቷ የምትሠራበት ዳቦ ቤት ውስጥ ቆማ ስታንቀላፋ ተይዛ ተቆጥተዋታል። «እማዬ፣ ወይ ታከሚ፣ ወይ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ» ካለች ወዲህ ደግሞ የእናትየው እንቅልፍ ጭራሽ ጠፋ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እሺ እናቴ፣ እንቅልፍ እንዴት ነን?»

እናት ደነገጠች። ይሄ ምስኪንም አይተኛም ማለት ነው!

«እኔስ አልተኛም። እርስዎን ከጀመረዎት ቆየ?»

ልጅቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሐኪሙ ግን ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራዋ፣ ቤት ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ጠየቀ።

«ማታ ማታ ሻይ እናበዛለን?»

«እኔ አበዛለሁ። የእርስዎን አላየሁም።»

«ከመሸ ምንድን ነው የሚያስፈራን?»

እናት ድምጿን ቀነሰች። «አባቷ እንደተኛ ነው የቀረው። እሷም ዝም ስትል... እንጃ።»

ልጅቷ ክርኗን ሰበሰበች። ይህን ሰምታ አታውቅም።

«ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻለናል?» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

እናት አዘነችለት፤ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ስማኝ ልጄ» አለች፣ አንቱታውን ረስታ። «ከመሸ ሻዩን ተው። ቀን ቀን ወጣ ብለህ ተንቀሳቀስ። የሚያስፈራህን ብቻህን አትያዘው፤ ለምትወደው ሰው ንገረው። እሱንም በቀን! የተኛ ሰው ምን ይሰማል?»

«በጣም ጥሩ። ማናችን እንጀምር?»

የልጅቷ ሳቅ አመለጣት። እናት ያኔ ገባት፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እኔም ድርሻ አለኝ» አለች ልጅቷ። «በሬን ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ። ሳንኮራፋ ትሰሚኛለሽ።»

«ታንኮራፊያለሽ እንዴ?»

«ለማንኮራፋት መች ጊዜ ሰጠሽኝ?»

ሐኪሙ ሳቁን እንደምንም ዋጠ። «ይህን እንሞክረው። ካልተሻለን ስለ መድኃኒት አብረን እንመክራለን።»

«አሁንስ ገብቶኛል» አለች እናት። «እኔን ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ ገብተው እንደተቀመጡ እናት አላስቻላትም።

«የኪራዩስ ነገር እንዴት ሆነ?»

ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች፤ ዝም፣ ጭጭ። የእናት እጅ ትንፋሿን ሊፈትሽ ወደ አፍንጫዋ ተነሳ። አየር ላይ ቆመ። ተመልሶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ።

መውረጃቸው ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ የሰፈራቸው ሰው ነው።

«እናት፣ ደርሰናልኮ! አይወርዱም እንዴ?» አለ ጮክ ብሎ።

«ቀስ በል! ልጄን ልትቀሰቅስብኝ ነው? ዝም ብለህ ንዳ!»