እመት ዝምታ አፏን ስትከፍት

መንግሥት ቤት ሳለች «እመት ዝምታ» ነበር የሚሏት። ዓቃቤ ሕግ ሆና ስንቱን ጮሌ ያናዘዘችው ሳትጮህ ነው። አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ትወለውላለች። ተጠርጣሪው ይጨንቀውና ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘከዝከዋል። እሷም አቤት ጉብዝናዬ ትል ነበር።

ልጆቿ ተመርቀው ከቤት ሲወጡ እሷም ከመንግሥት ሥራ ወጥታ የራሷን የጥብቅና ቢሮ ከፈተች። ዛሬ የምትቆመው ያኔ ስታሳድዳቸው ለነበሩት ባለከረባቶች ነው።

«ድመቷ ለአይጥ ጠበቃ ሆነች» ይላታል ባሏ።

«ድመትም ጡረታ ትወጣለች፣ ምን አገባህ!»

የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛዋ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። ጨረታ በአድልዎ ሰጥተሃል ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ከተረጋገጠበት እስር ነው። ዝም ማለት መብቱ ነው፤ ግን ሰውየው አፉ አያርፍም። ስለዚህ ቢሮዋ አስቀምጣ አሠለጠነችው።

«ዓቃቤ ሕጓ ጠይቃ ዝም ካለች ምን ያደርጋሉ?»

«ውሃ እጠጣለሁ።»

«አሁንም ዝም ካለች?»

«እደግማለሁ።»

«ጎሽ! ይኸው ነው።»

በምርመራው ቀጠሮ ጠዋት ተንበርክካ፣ «ጌታዬ፣ የዚህን ሰው አፍ አደራ» ብላ ጸለየች።

ዓቃቤ ሕጓ ድሮ እሷው ሥራ ያስለመደቻት ልጅ ናት። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ» ብላ ተነስታ ወንበር ሳበችላት። ከዚያ የጨረታውን አሸናፊ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይሄን ሰው ያውቁታል?» አለችና ዝም። መነጽሯን አወለቀች።

ደንበኛው ውሃ ጠጣ። ልጅቷ መነጽሯን ወለወለች። ደንበኛው ደግሞ ቀዳ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጠበቃዋ እንዲህ ያለውን ዝምታ ስትሰጥ እንጂ ስትቀበል አታውቅም። ጆሮዋ ጋለ። ምላሷን ነከሰች። ወይ ጉድ፣ ለካ እነዚያ ምስኪኖች እንዲህ ነበር የሚያደርጋቸው!

«አማቹ ቢሆንስ ታዲያ!» ብላ ፈነዳች። «ሰው አማቹን መርጦ ያገኛል?»

ልጅቷ መነጽሯን ቀስ ብላ አደረገች።

«እትዬ... አማቹ መሆኑን እኮ አላወቅኩም ነበር።»

ደንበኛው ብርጭቆውን እንደያዘ ዞረባት። «እኔ እየጠጣሁ ነበር እኮ!»

ኮሪደር ላይ ወጥተውም አልበረደለትም። «እኔ የቀጠርኩት ጠበቃ ነው ምስክር?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ ጠበቃ ይያዙ፤ ከኔ ዝም የሚል።»

«ከእርስዎ ዝም የማይል አለ እንዴ?» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ቤት ስትደርስ ባሏ በር ከፈተላት።

«እንዴት ዋልሽ?» አለና ዝም ብሎ አያት።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ከፎቶው እስከ ኮሪደሩ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። «ለሰውየው አፍ ስጸልይ የራሴን ረስቼው!» አለች፣ እሷም ሳቋ እየመጣ።

ባሏ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ እንባውን ጠረገ።

«ቁጭ በይ በቃ፣ ውሃ ላምጣልሽ።»