የጨፌው ጠባቂ

ቢቸና ውስጥ ጨፌውን ከይስማው አብልጦ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጨፌው ከእህል ተራው በታች የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ሰው የሞተበት ድንኳኑን እዚያ ይተክላል፤ ልጁን የሚድርም እዚያው። በገበያ ቀን አህያ ይታሰርበታል፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይለጋበታል፣ ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ ይወርዱበታል። ባለቤት የለውም፤ ከልካይም የለውም። ሊቀማው የቋመጠ ባይጠፋም፣ በሰው ለቅሶ መካከል ገብቶ መሠረት የሚቆፍር ደፋር ግን አልተገኘም።

ይስማው የአረንጓዴ ቦታዎች ክፍል ኃላፊ ሲሆን ሜዳው ባለቤት አገኘ። በዚያው ዓመት ክፍት ቦታዎችን ለመጠበቅ የመንግሥት በጀት ተፈቀደ። ይስማው እንደ ሙሽራ አባት ሽር ጉድ አለ። ጨፌውን ዙሪያውን በሽቦ አሳጠረው፤ በቆርቆሮ ያላደረገው ሕዝቡ ሳሩን ከማየት እንዳይነፈግ አስቦ ነው። በሩ ላይ «ይህ ቦታ የሕዝብ ነው፤ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ አቆመ። ከሰሌዳው ሥር የኔሰው የሚባል ዘበኛ ዱላውን ይዞ ተቀመጠ። በምርቃቱ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ የታሸገ ውሃ ታደለ፣ ንግግር ተንዛዛ። ሕዝቡም አጨበጨበ፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ።

ብዙም ሳይቆይ ወለተ ኢየሱስ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባትና የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ።

«አይቻልም» አለ የኔሰው።

«ሰው ሞቶብን ነው እኮ!»

«እግዜር ያጥናችሁ። ሳሩ ግን ይረገጣል።»

ይስማው ተጠርቶ መጣ። አዘነ፤ ሐዘኑም የማስመሰል አልነበረም። ወለተ ኢየሱስን አጽናናትና ድንኳኑ መንገድ ዳር እንዲተከል አመቻቸ። ለቀስተኛው ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እግሩን እየሰበሰበ አለቀሰ።

ኳስ ተጫዋቾቹ አስፋልት ወጡ። ልጃገረዶቹ በሽቦው መካከል እጃቸውን አሾልከው የደረሱበትን እንግጫ ነጨት ነጨት አድርገው ተመለሱ። ሳሩ ወገብ ደረሰ። ይስማው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየዋል፤ ሕግ አክባሪ ነውና እሱም አይገባም። በየስብሰባው ሲነሣ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «አንድ ሰው እንኳ አልረገጠውም!»

ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ጠዋት ሲመጣ አጥሩ በአንድ ወገን ተጋድሞ ዶዘር ሳሩን ከነአፈሩ እየገለበጠው አገኘ። የኔሰው በዱላው እየጠቆመ ለዶዘሩ መንገድ ያሳያል።

«የኔሰው! ምን ጉድ ነው?»

«ሆቴል ሊሠራበት ነው፣ ጌታዬ። ከመሬት ክፍል ተፈቅዷል። እኔንም ባለሆቴሉ በዘበኝነቴ አስቀጥሎኛል፣ ተመስገን ነው።»

ይስማው እያለከለከ መሬት ክፍል ገባ። ኃላፊው ስጦታው አብሮ አደጉ ነው።

«ጨፌውን ለሆቴል ሰጣችሁት?»

«አረፍ በል እስቲ» አለው ስጦታው። «ሥራ ላይ ያልዋለ መሬት ለአልሚ ይተላለፋል። መመሪያ ነው።»

«የሕዝብ ሜዳ እኮ ነው!»

«ሕዝቡ ታዲያ የት አለ? ማን ሲገባበት አየህ?»

«እኔ ከልክዬ ነዋ!»

«እሱንማ አንተው ነህ የመሰከርክልን። ‹አንድ ሰው እንኳ አልረገጠውም› ስትል ያልሰማህ አለ? ድሮ እኮ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ አህያው መች ያስጠጋን ነበር! እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።»

ይስማው ወጥቶ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠ። የሚወቅሰው ሰው ቢፈልግ አጣ። ብቻዬን ብጮህ ማን ይሰማኛል ብሎ ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሄደና «ሕዝቡን ይዘን አቤት እንበል» አላቸው።

«እስከ ትናንት ከአጥሩ ውጭ ሆነን ሳር እናይ ነበር» አሉት። «ከእንግዲህ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ሆቴል እናያለን። ለእኛ ምኑ ተለወጠ?»

መንግሥት ግን ውለታ አይረሳም። ይስማው በቦታ ጥበቃ የካበተ ልምድ አለው ተብሎ በእድገት ወደ ሞጣ ተዛወረ። ሞጣም ሰፊ ሜዳ ነበራት፤ በጀቱም ደርሷታል፤ ሽቦው ሳይቀር ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል።

ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል። ይስማው ሥራ በጀመረ ዕለት በጠዋት ቀያሽ አስከትሎ ሜዳው ሲደርስ፣ የአዘቦት ቀን ሆኖ ሳለ ሜዳው ጢም ብሏል። በአንድ ወገን በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፣ በሌላው የቅኔ ተማሪዎች ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥራሉ፣ ጎረምሳው ኳስ ይለጋል። መሀል ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ቢገባ ሙሽራም የለ፣ ሐዘንተኛም የለ።

«ምን በዓል ነው፣ እማማ?» አላቸው በርበሬ የሚያገላብጡትን አሮጊት፣ ወይዘሮ ይርጋነሽን።

«ምንም በዓል የለ። የቢቸናው ጠባቂ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ሜዳችሁን ልጠብቅላችሁ ነው የመጣሁት።»

ይርጋነሽ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡና እጁን ግጥም አድርገው ያዙት።

«ልጄ፣ ወለተ ኢየሱስ የእኅቴ ልጅ ናት። በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አትጠብቅልን!»

«እኔ እኮ ሜዳ እወዳለሁ፣ እማማ» አላቸው ይስማው።

«ከወደድከውማ ቁጭ በልበት።»

ይስማው ዞር ብሎ ቀያሹን ፈለገ። ቀያሹ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከትቶ ለኳስ ተጫዋቾቹ በረኛ ሆኗል። ይስማው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሳሩ ጤዛ ይዞ ነበርና መቀመጫውን አራሰው። ሳር ላይ ከተቀመጠ ስንት ዘመኑ! ወዲያው መነሣት አልሆነለትም።

ሽቦው መጋዘን ውስጥ ዛገ። ይስማው በዓመቱ ግምገማ «በጀት ሥራ ላይ ባለማዋል» ተወቀሰና እድገቱ ተነሣበት። ሞጣዎች ግን ዛሬም አላመኑትም። በሜዳው ዳር ሲያልፍ ካዩት አንዱ ሥራውን ጥሎ ይሮጥና ሳሩ ላይ ቁጭ ይላል።