ጥም የለመደ አበባ

«እትዬ፣ ይተዉት! ይገድሉታል!»

በመስኮት የጮኸችው የሟች ሚስት ናት። ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች ዞረው አዩዋት። የሟች ታላቅ እህት ግን የጆጉን ውኃ አጥሩ ሥር ባለው ላቬንደር አበባ ላይ አንጠፍጥፈው ጨረሱ።

«ወንድሜ በእጁ የተከለው ዓይኔ እያየ ይድረቅ?»

«ውኃ አይወድም እኮ!»

«ተዋት፣ ኀዘን ነው የሚያናግራት» አለች አንዲት ጎረቤት ለባሏ በሹክሹክታ።

ሟቹ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሰፈሩን ቧንቧ ሲጠግን ይውልና ለዚህ ሐምራዊ አበባ ጠብታ ይነፍገዋል። «ለአገር ምድሩ ታዳርሳለህ፣ ለገዛ አትክልትህ ትሰስታለህ» ስትለው ሚስቱ፣ ይስቃል። አፈሩን በጠጠር ለውሶ ነው የተከለው። ሥሩ ከራሰ ይበሰብሳል፣ የሚያምርበት ሲጠማው ነው ይላት ነበር። ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀራት ሕያው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ኋላ ልቡ ደከመ። ሐኪሙ ውኃ እየለካሽ ስጪው፣ ከበዛ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል አላት። በመጨረሻው ቀን ምላሱ ደርቆ «አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እባክሽ» ብሎ ለመናት። ከንፈሩን በጥጥ አራሰችለት እንጂ አልሰጠችውም። ይተርፍልኛል ብላ ነበር። እህቱ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

ከቀብሩ ወዲህ እትዬ አበባውን ጠዋት ማታ ሲያጠጡት ሰነበቱ። በሳምንቱ ሚስቲቱ ለቀስተኛ ሳይመጣ ወርዳ ጠጠሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሥሩ ጠቁሯል፤ ስትነካው ላላ፣ ሸተተ። ቅጠሉ ግን ከላይ እንደ ወትሮው ነው፤ ሞቱን ገና አልሰማም። እንደ እብድ እርጥቡን አፈር በእጇ ትዝቅ ጀመር። ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ሞላ። ብትዝቅም ብትዝቅም ከታች ያለው ሁሉ በስብሷል።

እትዬ ጆጋቸውን ሞልተው መጡ።

«ዛሬም ልትከለክይው ነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ጠምቶት ነው የሞተው እኮ።»

«ሐኪሙ...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሐኪሙ ያለውን አውቃለሁ። ግን ጠምቶት ነው የሄደው።»

የበሰበሰውን ሥር ልታሳያቸው ትችል ነበር። ጠጠሩን መልሳ አለበሰችው። ከዚያም ጆጉን ከእጃቸው ተቀብላ ተንበረከከች፤ በሽተኛ እንደምታጠጣ ሁሉ ቀስ እያለች፣ በሌላ እጇ ግንዱን ደግፋ አፈሰሰችው።

«ጠጣ» አለችው። «ጠጣ፣ በሞቴ።»