የማያልቀው የጥንቸል ሸክላ

እታለም በየጠዋቱ ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው መደርደሪያው ምን ያህል እንደተራቆተ ነበር። ሌላ ባለሱቅ ዕቃው ሲያልቅበት ይጨነቃል። እሷ ግን ባዶ ቦታ ባየች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣል። የላይኛው ረድፍ ተሸጦ አቧራ ብቻ የቀረ ጊዜ፣ አቧራውን እንኳ ሳትጠርገው ብዙ ሰነበተች።

እታለም ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ታናሽ እህቷ አፏን ስትፈታ ያወጣችላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እታለም አሏት። አሁን ሃምሳን አልፋለች። ከዕድሜዋ ብዙውን የፈጀችው እዚሁ ነው፤ ከፊት የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ክፍል፣ ከኋላ ድሮ ሸክላ ይታተምበት የነበረ ጓዳ፣ ከላይ መኖሪያቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ደጅ መውጣት አያስፈልግም። ሰው ይህን እንደ ምቾት ይቆጥርላታል፤ እሷ ግን አንዳንድ ቀን የአየሩ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ከደንበኛ ጃንጥላ ነው የምታውቀው።

ሸክላው የአባቷ፣ የአባባ፣ ሥራ ነው። አባባ በጉብዝናቸው ወራት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበሩ። ያኔ አንድ ዝነኛ ዘፋኝ አዲስ ዘፈን ሲያወጣ ሸክላውን የሚገዛው ደህና ገቢ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ድሃው በሰው መስኮት ስር ቆሞ ይሰማል። አባባ ይህን አዩና አንድ ነገር አሰቡ። ድምፁ ያንን ዝነኛ የሚመስል የምሽት ክበብ ዘፋኝ ፈለጉ፣ ዘፈኑን ትኩስነቱ ሳይወጣለት አስዘፈኑት፣ የጥንቸል ሥዕል ለጠፉበትና ከሳሙናና ከክብሪት አጠገብ በየሸቀጣሸቀጥ ሱቁ አስደረደሩት። የዘፋኙ ስም የለም፤ ያለችው ጥንቸሏ ናት። ሰው ሳሙና ሊገዛ ገብቶ ዘፈን ይዞ ይወጣ ጀመር።

ርካሽ ነው ሲባል ቀልድ አልነበረም። ሽፋኑ የሚሠራው ፋብሪካው ሕትመቱ ተበላሽቶበት ከጣለው የሳሙና ካርቶን ነው፤ ከውጭ ጥንቸል፣ ሲገለብጡት ከውስጥ ግማሽ ፊቷ የተቆረጠ ልብስ አጣቢ ሴት። ሸክላውም ቢሆን ሳይሸጡ የተመለሱትን አሮጌ ሸክላዎች ከመሃል ወረቀታቸው ጋር ፈጭቶ፣ አቅልጦ፣ መልሶ መጫን ነው። ወረቀቱ በደንብ ስለማይፈጭ በጥቁሩ ላይ ቀይና ቢጫ ጠቃጠቆ ጣል ጣል ይላል፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ ቸስ ይላል። አባባ በሕይወታቸው አንድም ነገር ጥለው አያውቁም። ጥርሳቸው ሲወልቅ እንኳ ለአንድ ነገር ይሆናል ብለው ሳያስቀምጡት አይቀሩም።

ከዚያ ካሴት መጣና ጥንቸልን ውሃ በላት። ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ያልተሸጠው ሸክላ ሱቁንም፣ ደረጃውንም፣ የአልጋውን ስርም ሞላው። እናታቸው ያረፈች ጊዜ ታናሿ ጓዟን ጠቅልላ ወደብ ያለበት ከተማ ሄደችና ልብስ ስፌት ቤት ከፈተች። ከስፌት ቤቱ በላይ ባለ መስኮት ክፍል አላት፤ ለአባባና ለእታለም ብላ ሁለት አልጋ ዘርግታ ትጠብቃለች። እታለም መስፋት ትወዳለች፤ እጇም ይሆንላታል። አባባ ግን ነቅነቅ አላሉም።

«ሸክላዬን ጥዬ የትም አልሄድም» አሉ። «ይለቅ ብቻ። ያለቀ ዕለት ሻንጣሽን የምሸከመው ራሴ ነኝ።»

እታለምም አመነች። ለብዙ ዓመት ግን ማን ይግዛ? ሱቁ አንድ ሐሙስ የቀረው በሽተኛ መስሎ እንዲሁ ተጋድሞ ኖረ። ኋላ፣ ነገር ሁሉ ሲገላበጥ፣ ሰብሳቢዎች የሚባሉ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ሰው የናቀውን ጥንቸል እንደ ዓይን ብሌን የሚሳሱለት፣ የሳሙና ካርቶኑን እያሸተቱ ዓይናቸው እንባ የሚያቀር ሰዎች። ዋናቸው አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ግን የልጅ። እናቱ መግዛት የምትችለው ጥንቸልን ብቻ ስለነበር ዘፈን ሁሉ የሚያውቀው በጥንቸል ነው። አድጎ የዝነኛውን ዘፋኝ እውነተኛ ሸክላ የሰማ ዕለት «ይኼ ደግሞ የማን አስመሳይ ነው?» ብሎ መቆጣቱን እየሳቀ ነገራት። እታለምም ወደደችው።

እሱ ከመጣ ወዲህ መደርደሪያው ይራቆት ጀመር። የአልጋው ስር ጸዳ፤ ደረጃው ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መውጣት ቻለ። እህቷ ስትደውል «ተቃርቧል» ትላታለች። ግን ተቃረበ ባለች ቁጥር አባባ ከጓዳ ሌላ ካርቶን እየጎተቱ ይወጣሉ። «ይኼን ረስቼው» ይላሉ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከጣሪያው ሥር አገኘሁት ይላሉ። እታለምም የአባባን ቆጣቢነት ስለምታውቅ፣ እኚህ ሰው ስንት ቦታ ነው የደበቁት እያለች ትደረድረዋለች።

አንድ ቀን ነጋዴው አንድ ሸክላ ከሽፋኑ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ጠቃጠቆው አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ የጥንቸል ሸክላ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ፣ አባባ ገና ሥራውን ሲጀምሩ የሞከሩት መሆን እንዳለበት፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይህን የሚያህል እንደማይኖር ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነገራት። እሷም ዓይኗን ጠጋ አድርጋ አየች። ከዳር በኩል አንዱ ነጠብጣብ ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ በአረንጓዴው ላይ የነጭ ሐረግ ጫፍ ይታያል።

የማድ ቤታቸው ጠረጴዛ ላስቲክ ነው። ስንት ዓመት ሽንኩርት ስትከትፍበት፣ ክርኗን አስደግፋ ስታስብበት የኖረችው ላስቲክ። ባለፈው ክረምት ሲቀደድ አባባ «ስጪኝ፣ እኔ እጥለዋለሁ» ብለው ተቀበሏት። አባባ መቼ ነገር ጥለው ያውቃሉ? ያኔውኑ መጠርጠር ነበረባት። ሸክላውን ግን ወደ ሽፋኑ መልሳ ለነጋዴው ሰጠችው። እሱ ሸክላውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ።

አርብ አርብ ጋሽ ግሪስ ይመጣሉ። ድሮ የማተሚያው ማሽን ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁረት በማንም ሳሙና አልለቅ ስላለ ሰፈሩ ይህን ስም ሰጣቸው። ከአባባ ጋር ጓዳ ዘግተው ዳማ ይጫወታሉ። እታለም ያን ቀን የአባባን መድኃኒት ልታመጣ ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች፤ እዚያ ያለው መድኃኒት ቤት ይረክሳል ይሏታል አባባ። ስትመለስ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ ጎረቤት ቆሻሻ አቃጠለ ይሏታል። ያን አርብ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረችና በጀርባው በር ገባች።

ማሽኑ እንፋሎቱን እየተፋ ነበር። ጋሽ ግሪስ በወፍራም ጓንት ትኩስ ሸክላ እያነሱ ያቀዘቅዛሉ። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተረፈውን አረንጓዴ ላስቲክ በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ለልጅ ልጅ ቀሚስ የሚሰፉ ነው የሚመስሉት። አጠገባቸው አዲስ ሽፋን ተከምሯል፤ አዲሱን አሮጌ ማስመሰያ አንድ ጣሳ ሙሉ አቧራም አለ። ከየትኛው መደርደሪያ እንደተጠረገ አልጠፋትም። የዳማው ሰሌዳ ግን ከነአካቴው አልተከፈተም።

ጋሽ ግሪስ ቀድመው አዩዋትና ማሽኑን አጠፉ። እኔ ተዉ ብያቸው ነበር ብለው አጉረመረሙና ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

«ነጋዴው መግዛት ከጀመረ ወዲህ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ዕቃው ሲሳሳ አየሁትና ፈራሁ። እዚህ ሰው በሩን ገፍቶ ሲገባ የጥንቸሉ ባለቤት ይለኛል። እዚያ እህትሽ ቤት ስሄድ ምንድን ነኝ? ጥግ ላይ ተቀምጦ ሾርባ የሚጠብቅ ሽማግሌ።»

«እኔስ?»

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። ጥያቄው በእርግጥ አልገባቸውም ነበር።

«አንቺማ አለሽ» አሉ። «አንቺ እዚሁ አለሽ አይደል?»

እታለም ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ትሂድ ትቅር ብለው አስበው አያውቁም ማለት ነው፤ እንደ በሩ፣ እንደ ደረጃው አለች። ሆዷ ቂም ቋጠረ። በማግስቱ ለነጋዴው እቅጩን እንደምትነግረው፣ ከዚያ ብቻዋንም ቢሆን እንደምትሄድ ነገረቻቸውና ወደ ላይ ወጣች። ለእህቷም ደወለች፤ በቃ፣ መጣሁ አለቻት። እህቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ የክፍሉን መጋረጃ ዛሬውኑ አጥባለሁ አለች።

በማግስቱ ነጋዴው ብቻውን አልመጣም። ሁለት ሰብሳቢዎች ተከትለውታል። አንደኛው ቀጭኑ ሰውዬ አረንጓዴውን ሸክላ እያገላበጠ፣ ሽታው አዲስ ነው፣ የሆነ ሰው እያሞኘን ነው ባይ ነው። አባባ ክራቫታቸውን አስረው፣ ዱላቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እታለም፣ እኔ ካንቺ ሌላ ምስክር አልፈልግም» አለ። «እዚህ ቤት አድገሻል። ውሸት ነው ካልሽ፣ የሰበሰብኩትን ሁሉ መልሼ አመጣና ጥንቸል የሚባል ነገር አትንኩ ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ። እውነት ነው ካልሽ ደግሞ አንቺን የሚጠራጠር ከእኔ ጋር ነው ጸቡ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሌሊቱን ስትደጋግመው አድራለች። በዚህ መሃል ዓይኗ አባባ ላይ አረፈ። አልለመኗትም። የተሰበረ ብርጭቆ ይዞ የተገኘ ልጅ ይመስላሉ፤ ክራቫታቸው ተጣሟል። ድሃውን ሁሉ ዘፈን ያሰሙ ሰው በሦስት እንግዳ ፊት አታላይ ተብለው፣ የሠሩት ሁሉ ከዚህች ላስቲክ ጋር ወደ ቆሻሻ ሊሄድ ነው። ትናንት የቋጠረችው ቂም የት እንደገባ አታውቅም።

«እውነተኛ ነው» አለች።

ቀጭኑ ሰውዬ በምን ታውቂያለሽ አላት። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እሷ ግን አንዴ ከአፏ ከወጣ በኋላ ማቆም አቃታት።

«እናቴ ናት አረንጓዴውን የመረጠችው» አለች። «ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቆሜ ነበር።»

እናቷን ከመቃብር አስነስታ ለሐሰት ምስክርነት ማቆሟ እዚያው ቆማ ነው የተሰማት፤ ፊቷ ጋለ። ሰዎቹ ግን ፊቷ የቀላው በእናቷ ትዝታ መሰላቸው። ቀጭኑ ሰውዬ ይቅርታ ጠየቃት። ነጋዴው ደረቱን ነፍቶ ለጓደኞቹ ውሳኔውን አሳወቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ እታለም በዓይኗ አይታ ያላጸደቀችው የጥንቸል ሸክላ ሸክላ አይደለም፣ ማንም እንዳይገዛ። «ስለዚህ የትም እንዳትሄጂብን» አላትና ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ሰዎቹ ሲወጡ አባባ ተነሡ። ምንም ሳይናገሩ ግንባሯን ሳሙ፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርገው አያውቁም። ከዚያ ከአንገታቸው የጓዳውን ቁልፍ አውልቀው መዳፏ ላይ አስቀመጡ፤ ሞቅ ያለ ነበር። ጋሽ ግሪስ ከጀርባ በኩል ብቅ ሲሉ አባባ አሁን ችግር የለም ብለው ጠቀሷቸው፤ ሁለቱም ወደ ጓዳ ገቡ።

ስልኩ ጮኸ። እህቷ ናት። መጋረጃውን አጥባ መስቀሏን፣ ከመስኮቱ መርከብ እንደሚታይ፣ የስፌት መኪናውንም ብርሃን ወዳለበት እንዳዞረችላት ሳትተነፍስ ነገረቻት። ስንት ሰዓት ልቀበልሽ አለቻት። እታለም አሁን እንኳ አይሆንልኝም አለች።

«ምነው? አባባ ናቸው አይደል?» አለች እህቷ። «በቃ፣ እኔው መጥቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ዕቃሽንም አብረን እንሸክፋለን።»

እታለም አሰበች። እህቷ ከመጣች ጓዳ ትገባለች። ጓዳ ከገባች ማሽኑን ታያለች፤ አይታ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ነጋዴው ይሰማል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ እናቷን ምስክር ያቆመች ውሸታም እታለም ራሷ ትሆናለች። እንዲህ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። እስከ ዛሬ በሩን የያዙት አባባ ነበሩ።

«አትምጪ» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«እንዳትመጪ። ጭራሽ እንዳትመጪ።»

«ምን አደረግኩሽ እታለም?» አለች እህቷ።

እታለም መልስ ልትሰጣት ፈለገች። ምንም አላደረግሽኝም ልትላት፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ልትጠይቃት ፈለገች። ከጓዳ ግን ማሽኑ አጓራና ተነሣ፤ እታለምም እህቷ እንዳትሰማው የስልኩን መናገሪያ በመዳፏ ከደነችው።