ነጋቲቭ ዘጠኝ

ሙሕሲን መካ፣ ጀርወል ካለው ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሐሙስ ማታ ወደ ጅዳ ሲመለስ፣ ጉለይል ሰፈር ያለው ቤቱ ጭጭ ይላል። ሚስቱ ማድቤት ትሸሸጋለች፤ ልጁ ራቢያ መጽሐፏ ላይ ታቀረቅራለች።

ዓርብ የሒሳብ ቀን ነው። ራቢያ በዐረብ ትምህርት ቤት ሒሳብ ወድቃ ማሟያ ፈተና ደርሶባታል። ዳግመኛ ከወደቀች አገር ቤት፣ ከሚሴ ያለችው እህቱ ጋ ሊልካት ምሏል። እሱ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ነው፤ ይህን ያልሰማ ጎረቤት ጉለይል ውስጥ የለም።

መጽሐፉ ላይ አራት ማዕዘን ተስሏል። የጎኑ ርዝመት «ሲን» ነው፤ ዐረቦች በኤክስ ፈንታ የሚጽፉት ፊደል። ከሥሩ ያለው ከቀኝ ሲነበብ፣ ሲን ሲቀነስ ሦስት፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ይላል። ሙሕሲን አገሩ እንደለመደው ከግራ ጀመረ።

«አሥራ ሁለት እኩል ይሆናል ሦስት ሲቀነስ ሲን። ሦስቱን አሻግሪው። ሲሻገር?»

«ይቀነሳል።»

«ከአሥራ ሁለት ሦስት ሲነሣ ዘጠኝ። ዘጠኝ እኩል ይሆናል ነጋቲቭ ሲን። ምልክቱን ገልብጪ። ሲን ነጋቲቭ ዘጠኝ ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ባባ፣ ጎን ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ? ከቀኝ ነው የሚነበበው። ሦስቱ ሲሻገር ይደመራል፤ አሥራ አምስት ነው።»

«ሒሳብ ቀኝና ግራ የለውም። መጽሐፉ ነው የተሳሳተው።»

በየማለዳው ቁርኣን ከቀኝ የሚቀራ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ደግማ ስትነግረው መጽሐፉን ነጥቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው።

«አንቺ ድንጋይ ራስ። ወላሂ፣ ፈተናው ላይ እኔ ባሳየሁሽ መንገድ ካልሠራሽ አባትሽ አይደለሁም።»

«ጠይብ» አለች ራቢያ፣ መጽሐፉን ከወለሉ እያነሣች። እሺ ማለቷ ነበር። ሙሕሲንም ያሸነፈ መስሎት ደስ አለው።

ከፈተናው በኋላ ባለው ሐሙስ ሲመጣ ወረቀቷን ትራሱ ላይ አገኘው። ወድቃለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ልጅቱ ሁሉንም ጥያቄ ከግራ ጀምራ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ልክ እሱ እንዳሳያት አጥርታ ሠርታዋለች። አስተማሪዋ እኩልታው ሥር ከቀኝ ወደ ግራ ቀይ ቀስት ስባ፣ «ይህን የመሰለ ጎን የት አየሽ?» ብላ ጽፋበታለች።

ሙሕሲን ጣቱን በቀስቱ አቅጣጫ አስኬደ። አሥራ አምስት። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

«እያወቅሽ ነው» አላት።

«አዎ።»

«እንድልክሽ ብለሽ?»

«ምለሃል እኮ። ከሚሴ ማንም አይጮህብኝም።»

ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ሙሕሲን ልቡ ፈራ። ተሳስቻለሁ፣ አትሂጂብኝ ሊላት ፈለገ፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን አፉ አልለመደም።

«ፍቺው ይህን ሻንጣ!» ብሎ ጮኸባት።

ራቢያ ወደ ማድቤቱ ዞራ፣ «አየሽው እማዬ?» አለች።